ወርቅና ብር በአንድ አፍ

«ለእማዬ ለዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ይዤላታለሁ። የአእምሮ ሐኪም መሆኑን ግን እንዳትነግራት፤ ‹ለደም ግፊትሽ ነው› በላትና ይዘሃት ና» አለች የባልየው እህት በስልክ።

ባልየው ጢሙን እየተላጨ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ የመታጠቢያ ቤቱ መደርደሪያ ላይ አቁሞታል። በሩ ገርበብ ብሏል። ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር እያሰረች ነበር፤ ክሩን እንደያዘች ቀጥ አለች። ጆሮዋን ለመጣል ብላ አይደለም። ቤቱ ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን ነው፤ እንዲህ ባለ ቤት ምስጢር የሚጠበቀው ሁሉም ሰው እንዳልሰማ ለመሆን ሲስማማ ነው። ባሏ ምላጩን ውሃው ውስጥ አንቦጫረቀና «እሺ» አለ። አንዲት «እሺ» ብቻ። ከዚያ የቧንቧው ውሃ ይንፎለፎል ጀመር።

ሴትየዋን የሥራ ባልደረቦቿ «ሚዛን» ነው የሚሏት፤ ቁጥር ስታነብ ማጠጋጋት አትወድም። ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ለእሷ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ነው፤ አራት ነው ብሎ የሚከራከራት ሰው ሻይ ሰዓቱ ያልፈዋል። የጫማዋን ክር አስራ ስትጨርስ ወደ ሥራ መሄድ ነበረባት፤ እግሯ ግን ወደ ሳሎን መራት። አማቷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ እየነከሩ በግራ መንጋጋቸው ብቻ ያላምጣሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ከሰባት ወር ወዲህ እንዲህ ነው የሚበሉት። ሰባት ወር ማለት ሴት ልጃቸው የሁለት ወር ደሞዟን አውጥታ የወርቅ ጥርስ ካስገባችላቸው ወዲህ ነው። መጀመሪያ «አፌን ይነዝረኛል» አሉ፤ ሁሉም ሳቀ። ቀጥሎ የብረት ማንኪያ መያዝ ተዉ፤ ልጅቷ ተቀየመች፣ «ስጦታዬን ነው የምትንቀው» ብላ። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሦስት ጊዜ ሄዱ። በሦስተኛው ሐኪሙ ካርዳቸው ላይ «ጥርሶቹ ጤነኛ ናቸው፤ የሥነ አእምሮ ምርመራ ቢደረግላቸው» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ አማትየዋ ስለ አፋቸው ማውራት አቆሙ፤ ቆየት ብሎ ስለሌላውም ነገር ማውራት አቆሙ።

ሚዛንና አማቷ ስምንት ዓመት አንድ ጣሪያ ስር ሲኖሩ የተነጋገሩት ተጠራቅሞ ቢጻፍ አንድ ደብተር አይሞላም። በአማቷ ጥርስ ውስጥ የገባችው ገና በሠርጉ ሳምንት ነው፤ ሴትዮዋ ሥራዋን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ለጎረቤት «ልጄ ያገባት ብረት ምራቅ ውስጥ የምትዘፈዝፍ ሴት ናት» ሲሉ ሰምታለች። ያናደዳት ደግሞ አባባሉ እውነት መሆኑ ነበር። ዛሬ ግን ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ የሚነዝርዎት መቼ መቼ ነው?»

አማቷ ዳቦውን ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። «ምን ልትሠሪበት? እንድትስቂ?»

«ልሰማዎት።»

የሻይ ብርጭቆውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። «ስገጥመው ነው» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የላይኛውና የታችኛው ሲገናኙ። በዚህ በቀኝ በኩል። እንደ ኮረንቲ ንዝር ያደርገኛል፤ ከዚያ አፌ ቁልፍ የላስኩ ይመስል ብረት ብረት ይላል። ሰው ሁሉ ‹ጥርስሽን ነክሰሽ ቻዪው› ይለኛል፤ እኔን የሚያመኝ እኮ መንከሱ ነው!»

ሚዛን የስልኳን መብራት አበራችና አፋቸውን እንዲከፍቱ ለመነቻቸው። ከታች በቀኝ በኩል ወርቁ ቦግ ብሎ ታየ። ትክክል ከበላዩ፣ ላይኛው መንጋጋ ላይ፣ የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት የተሞላ ጥርስ አለ፤ ሙሌቱ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩ ተሸራርፏል። መብራቱን አጠፋች። ፊቷ ጋለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በቤተ ሙከራ ይህንኑ ብረት ስትለካ ኖራ፣ ከአንድ ግድግዳ ወዲያ የሚተኙትን ሰው አንድ ቀን እንኳ «እስቲ አፍዎን ልይ» አላለቻቸውም። እሷም እንደሌላው ሁሉ የእናትና የልጅ ኩርፊያ ነው ብላ አልፋው ነበር።

«በስድስት ሰዓት መጥቼ እወስድዎታለሁ» አለቻቸው። «እስከዚያ ከማንም ጋር የትም እንዳይሄዱ።»

ቤተ ሙከራው የጥርስ ሕክምና ኮሌጁ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ሁለተኛ ላይ ስለሚያቆም የመጨረሻዋ ደረጃ ሁልጊዜ በእግር ናት። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከአንዱ መስኮት በቀር ብርሃን የለውም፤ ከአልኮልና ከሳሙና ቅልቅል የወጣ ሽታ ከጋዋን ላይ ታጥቦ አይለቅም። ሥራዋ ሲነገር ቀላል ነው፦ ጥርስ የሚሞላባቸው ብረቶች አፍ ውስጥ ሲኖሩ ምን ያህል እንደሚዝጉና እንደሚበሉ መለካት። አማልጋም የሚባለው ብርማ ሙሌት የብር፣ የቆርቆሮ፣ የመዳብና የሜርኩሪ ድብልቅ ነው። በሳንቲም ቅርጽ ታዘጋጀዋለች፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ትፈገፍገዋለች፣ በሰው ገላ ሙቀት ልክ በሞቀ ሰው ሠራሽ ምራቅ ውስጥ ትነክረዋለች፤ ከዚያ ሽቦ አያይዛ ብረቱ ሲበላ የሚለቃትን ያቺን ኢምንት ኮረንቲ በማሽኑ ትይዛታለች። ቁጥሩን ትጽፋለች። ነገም እንዲሁ። ጥናቱ ሲታተም ምስጋናው ውስጥ «የቤተ ሙከራ ሠራተኞች» ተብላ ትጠቀሳለች፤ ብዙ ቁጥር የሆነችው በዚያ ብቻ ነው።

ዛሬ የዕለቱን ሥራ ወደ ጎን አደረገችው። ከመሳቢያዋ ውስጥ በድሮው ቅመማ የተሠራ የአማልጋም ሳንቲም አወጣች፤ ምድር ቤት ወዳለው የጥርስ ሠሪዎች ክፍል ወርዳ የወርቅ ጥርስ ሲሠራ የተረፈች ቅንጣቢ በፊርማ ተዋሰች። ሁለቱን አንድ ብርጭቆ ምራቅ ውስጥ ሰቀለቻቸው፣ ሳይነካኩ። ማሽኑ ዝም አለ። ከዚያ በሽቦ አገናኘቻቸው። ቁጥሩ ከዜሮ ተነስቶ ዘለለ፤ ሠላሳ አንድ ነጥብ ስድስት ማይክሮ አምፔር። ወዲያው ደግሞ መውረድ ጀመረና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሁለት ላይ ሲደርስ ረጋ። አለያየቻቸው፤ ትንሽ ጠበቀች፤ መልሳ አገናኘቻቸው። ዘለለ። አለያየች፤ አገናኘች። ዘለለ። ኮረንቲው ትልቅ የሚሆነው በሚነካኩባት ቅጽበት ነው። እንዳይረሳት የፈራች ይመስል ደብተሯ ላይ «ሲገጥሙት» ብላ ጻፈች። ከዚያ አንድ ነገር ብልጭ አለላትና ብቻዋን ሳቀች። ሐኪም ሁልጊዜ የሚለው «አፍዎን ይክፈቱ» ነው። እነዚያ ሁለት ጥርሶች በሐኪሙ ወንበር ላይ ተገናኝተው አያውቁም።

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ፕሮፌሰር ሠላሳ ዓመት ዝገት ሲያጠኑ ስለኖሩ ተማሪዎች «ዝገቱ» ይሏቸዋል፤ ያውቃሉ፣ አይከፋቸውም። ተንቀሳቃሹን መለኪያ አውጥታ ለመሄድ የእሳቸው ፊርማ ያስፈልጋታል። የአማቷን ነገር ሰምተው ደብተሩን አገላብጠው አዩት፤ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ብረቱን አመንኩ» አሉ። «ሴትዮዋንስ?»

«እሳቸውንም አምናለሁ።»

«ማመን ሌላ፣ ማሳየት ሌላ። ሐኪሙ ‹ሽቦ ስላዩ ነው የተነዘሩት› ይልሻል። አይናቸውን ሸፍኚ፤ ሽቦዎቹን የሚያገናኘውን ማብሪያ እሱ ራሱ ይያዘው። እሱ ሲያገናኝ እሳቸው ‹አሁን› ካሉ፣ በቃ፣ አፉን የሚገጥመው እሱ ነው።» ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚለው ቦታ ሲደርሱ ብዕራቸውን አቆሙና «አስቸኳይ» ብለው ጻፉ። ዝገቱ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይህንን ቃል የተጠቀሙት ምናልባት ያን ቀን ብቻ ይሆናል።

የጥርስ ክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ስድስት የፕላስቲክ ወንበር፣ አንድ የደከመ ማራገቢያና የዋጋ ዝርዝር የተለጠፈበት ግድግዳ አለ። አማትና ምራት ጎን ለጎን ተቀመጡ። አማትየዋ ቦርሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይዘውታል፤ አልፎ አልፎ ምራታቸው እግር ስር ያለውን የመለኪያ ሻንጣ ያዩታል። «ያማል?» ብለው ጠየቁ አንዴ። «ጥርስዎን ከመግጠም አይበልጥም» አለቻቸው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ንጹሕ፣ ፈጣን፣ ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያይ ወገቡ የጎበጠ። አማትየዋን ሲያይ ትከሻው ወረደ። «እናቴ፣ ይህን ነገር ተነጋግረን ጨርሰን አልነበረም?»

«ዶክተር፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» አለች ሚዛን። «ሲመረምሯቸው አፋቸውን አስገጥመዋቸው ያውቃሉ?»

«አፍ ተገጥሞ ጥርስ እንዴት ይታያል?»

«አይታይም። የሚያማቸው ግን ያኔ ነው።»

ሐኪሙ ሊያወልቀው የጀመረውን ጓንት መልሶ አጠለቀ። ያን ቀን የመጀመሪያዋ ድል ይህች ናት። ሚዛን ጊዜ አልሰጠችውም፤ ሻንጣውን ከፈተች፣ ሁለቱን የፕላቲነም ሽቦዎች በአልኮል ጠረገች፣ አንዱን ወርቁ ላይ፣ አንዱን ሙሌቱ ላይ አሳረፈች። መለኪያው ሦስት መቶ ሰማንያ አራት ሚሊ ቮልት አለ። «እንዲያነጻጽሩ» አለችና ሽቦዎቹን አጽድታ የራሷ ሁለት ሙሌቶች ላይ አደረገች፤ ስድስት። ሐኪሙ አንገቱን አከከ። «እኔም ሁለት አሉኝ» አለና እንደ ተማሪ አፉን ከፍቶ ጎንበስ አለ። አሥራ አንድ። ቀና ሲል አማትየዋን በሌላ ዓይን አያቸው፤ አሁንም ግን ሐኪም ነው። «ልዩነት መኖሩ ይሰማቸዋል ማለት አይደለም» አለ።

«ለዚህ ነው ማብሪያውን እርስዎ የሚይዙት» አለች።

ልክ አማትየዋ አይን ላይ ፎጣ ሲደረግ በሩ ተከፈተ። ባሏና እህቱ ናቸው። ቤት ደርሰው ሰው ሲያጡ ለሚዛን ደውለዋል፤ የት እንዳሉ አልደበቀቻቸውም። እህትየዋ ቀጠሮው እያለፈባት ፊቷ ቀልቷል። «ምን እያደረጋችኋት ነው? እማዬ፣ ተነሺ፤ ሐኪሙ እየጠበቀን ነው!» አለች። ባልየው በሩን ይዞ ቆመ፤ አንዴ ሚስቱን አንዴ እናቱን ያያል። አማትየዋ ከፎጣው ስር ሆነው እጃቸውን አነሱ። «ቁጭ በይ» አሉ። ሰባት ወር ሙሉ ከአፋቸው ያልወጣ ድምፅ ነው። ልጅቷ ቁጭ አለች።

ሚዛን ሽቦዎቹን ጥርሶቹ ላይ ይዛ ቆመች፤ ማብሪያውና መለኪያው ከጀርባዋ፣ ሐኪሙ እጅ ላይ ናቸው። ምን እያደረገ እንደሆነ እሷም አታይም። ማብሪያው ቀጭ አለ። አማትየዋ አፋቸውን ሳይከድኑ፣ ከጉሮሯቸው፣ «አኡን!» አሉ፤ ትከሻቸው ብድግ አለ። ሐኪሙ መለኪያውን አየ፤ ወረቀት ላይ ምልክት አደረገ። ረጅም ጊዜ ጠበቀ። ቀጭ። «አኡን!» ደግሞ ወዲያው፣ ሳያስተነፍስ፣ ቀጭ። «አኡን!» ከዚያ ሐኪሙ ተንኮል አሰበ፤ የሽቦውን ጫፍ ነቀለና ማብሪያውን በባዶው ተጫነ። ቀጭ። አማትየዋ ዝም አሉ። ደግሞ ተጫነ። ዝም። በሦስተኛው እጃቸውን አነሱ፤ ሚዛን ሽቦዎቹን ከአፋቸው አወጣችላቸው። «ልጄ» አሉ ፎጣው እንዳለ፣ «ማብሪያው ይንጫጫል እንጂ እዚህ ምንም አይመጣም። እያታለልከኝ ነው ወይስ መብራት ጠፋ?» ባልየው በሩ ላይ እንደቆመ ሳቀ፤ ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ሃያ ጊዜ ሞከረ ሐኪሙ። አሥራ ሁለቱን በእውነት፣ ስምንቱን በሐሰት። ሃያውንም አወቁበት። አንዲት አላመለጠቻቸውም። ሚዛን ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ ቆጠረች፤ ማጠጋጋት የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም። ሐኪሙ ክብ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ፤ ጓንቱን አወለቀ። «እናቴ» አለ፣ «እኔ ካርድዎ ላይ የጻፍኩት ነገር አለ።»

«አውቃለሁ፤ አንብቤዋለሁ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ካርዱን አስመጣ፤ ያቺን መስመር በሁለት ሰረዝ ሰረዛት፤ ከሥሯ ያየውን ጻፈ፣ ፈረመበት፣ ቀንና ሰዓቱንም አኖረበት።

እህትየዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች ነበር። «እንግዲህ ወርቁ ይነቀላል ማለት ነው» አለች ቀጭን ድምፅ አውጥታ። ሰባት ወር ሙሉ የፈራችው ይህንን ኖሯል፤ ለእናቷ ከሰጠቻቸው ነገሮች ሁሉ ትልቁ፣ ጥፋት ሆኖ እንዳይገኝ። ሚዛን ይህን ፍርሃት እስካሁን ቁጣ ነው ብላ ነበር የምታውቀው።

«ወርቁ ምንም አላጠፋም» አለቻት። «ወርቅ አይበላም። የሚበላው የድሮው ሙሌት ነው፤ ከወርቁ ጋር በተገናኘ ቁጥር። እሱ ወጥቶ በነጩ ይሞላል፤ ነጩ ብረት አይደለም፣ ኮረንቲ አያስተላልፍም። የአንቺ ጥርስ እዚያው ይቀመጣል።» እህትየዋ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ለመደበቅም አልሞከረችም።

ባልየው ወደ እናቱ ተጠጋ። «እማዬ፣ የዛሬው ቀጠሮ የደም ግፊት አልነበረም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔን ያመመኝ ጥርሴን ነው፤ ጆሮዬን አይደለም።» ከዚያ እጁን ያዙት፤ አልለቀቁትም። እሱ ወደ ሚስቱ ዞሮ የሆነ ነገር ሊል ፈለገ፤ ሚዛን ግን «በኋላ» አለችው፤ ሐኪሙ መሰርሰሪያውን እያዘጋጀ ነበርና።

ሥራው አርባ ደቂቃ ፈጀ። የድሮው ሙሌት ተቦርቡሮ ሲወጣ ከሥሩ ያለው ጥርስ ግራጫ ሆኖ ታየ፤ ሐኪሙ አጸዳው፣ ነጩን በሽፋን በሽፋን እያደረገ በሰማያዊ ብርሃን አደረቀው። «አሁን ይግጠሙ» አለ፤ ቃሉን ራሱ ሰምቶት ፈገግ አለ። አማትየዋ አልገጠሙም። ሰባት ወር የፈሩትን ነገር ሰው «በል» ስለተባለ ብቻ አያደርገውም። አራቱም ቆመው አፋቸውን አፋቸውን ያያሉ። ቀስ ብለው፣ በር ሲዘጉ ሕፃን እንዳይነቃባቸው እንደሚጠነቀቁ ሁሉ፣ ጥርሳቸውን አገናኙ። አይናቸው ፈጠጠ። ከፈቱ፤ ደግመው ገጠሙ። ደገሙ። ቀጥሎማ ማን ያስቁማቸው! ቀው ቀው ቀው፣ ጠጠር የሚያደቅ ሰው ይመስል፣ ክፍሉ እስኪያስተጋባ ድረስ። «የለም!» አሉ። «የለም እኮ! ሄዷል!» ሳቁ፤ ወርቁ በዚያ ሁሉ ሳቅ መሃል ከአንዱ ጥግ ብልጭ አለ። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሕመምተኞች ሳይቀሩ በበሩ አጮለቁ።

ሐኪሙ ግን አልሳቀም። የካርድ መሳቢያው ፊት ቆሟል። አንድ ካርድ አወጣ፣ አነበበ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሌላ አወጣ። «እንደ እርስዎ የመለስኳቸው አሉ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለካርዶቹ። «‹ብረት ብረት ይለኛል› ያለች። ‹የቸኮሌት ፎይል ስነክስ ይነዝረኛል› ያለ። እኔ ሁሉንም…» አምስት ካርድ ሆነ። ወደ ሚዛን ዞረ። «እኅቴ፣ ሐሙስ መለኪያውን ይዘሽ ልትመጪ ትችያለሽ? ለእኔም አሳዪኝ። ጥናት ሆኖ መጻፍ አለበት፤ ሲጻፍ ደግሞ ፊት ለፊት ነው ስምሽ የሚወጣው።» ሚዛን አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀችው ነገር እንዲህ ቆማ፣ እጇ ላይ የጥጥ ቁራጭ ይዛ፣ ይመጣል ብላ አልገመተችም። «ሐሙስ እመጣለሁ» አለች፤ ድምፅዋ እንዳይንቀጠቀጥ ስትጠነቀቅ ጭራሽ ጮኸች።

ሐኪሙ ስልኩን አነሳና የመጀመሪያው ካርድ ላይ ያለውን ቁጥር ደወለ። «ሄሎ፣ ከጥርስ ክሊኒኩ ነው፤ ባለፈው ስለነገሩን ሕመም…» ብሎ ሳይጨርስ ከወዲያ የሴት ድምፅ ተቆጣ፤ ዳግመኛ እዚያ እንደማትረግጥ፣ በቤተሰቧ ፊት እንዳዋረዳት ሁሉም ሰማ። ሐኪሙ ስልኩን ከጆሮው ራቅ አደረገው። አማትየዋ አንገታቸው ላይ ያለውን የወረቀት ፎጣ ሳይፈቱ ከወንበሩ ወረዱና እጃቸውን ዘረጉ።

«አምጣው ወዲህ።» ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። «ሄሎ፣ የኔ እመቤት፣ አትዝጊው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እንደ አንቺው ‹ታበዛለች› ተብዬ የተመለስኩ ነኝ። ስትገጥሚው ነው አይደል? እንደ ኮረንቲ? ከዚያ ብረት ብረት ይልሻል? … አዎ። … አዎ፣ ልክ እሱ። ስሚኝ፣ አላበድሽም። ሰማሽኝ? አላበድሽም። ዛሬ በመለኪያ ታይቷል፤ እኔ አፍ ላይ። ሐሙስ ነይ፤ የምትለካልሽ ምራቴ ናት።»

ከወዲያ ሴትየዋ ስታለቅስ ተሰማ። አማትየዋ ስልኩን አልነቀሉም፤ «አልቅሺ፣ አልቅሺ፤ ይውጣልሽ» እያሉ ቆመው ጠበቁ። እስክትጨርስ አልቸኮሉም። ሰዓቱን ነግረዋት፣ ስልኩን ዘጉና፣ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ።

«ቀጣዩ ማነው?» አሉ።